ሽማግሌ ሲመጣ ወንድሜ የት ይሁን?

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ። የ27 ዓመት ሴት ነኝ። የምንኖረው አዲስ አበባ፣ ሽሮ ሜዳ አካባቢ ነው። እጮኛዬ ከሦስት ሳምንት በኋላ ሽማግሌ ሊልክ ነው።

የ17 ዓመት ወንድም አለኝ። የቤታችን የመጨረሻ ልጅ ነው። ዳውን ሲንድረም አለበት። አባታችን ካረፈ ወዲህ እማዬ ብቻዋን ነው ያሳደገችን። ቤት እንግዳ ሲመጣ እጅ የሚያስታጥበው እሱ ነው። ፎጣውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ፣ ከሽማግሌ ጀምሮ በየተራ። ማንም አላስተማረውም፣ አይቶ ነው የለመደው። የሰፈር ሰው የሚያውቀው ይወደዋል፣ የማያውቀው አፍጥጦ ያየዋል። እስከ 4ኛ ክፍል በልዩ ፍላጎት ክፍል ተምሯል። በኮሮና ጊዜ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ቤት ቀረ፣ በዚያው ቀረ።

አሁን እማዬ "ሽማግሌዎቹ መጥተው እስኪሄዱ ደብረ ብርሃን አክስትሽ ጋ ይሁን" አለችኝ። "ካዩት በዘራቸው አለ ይላሉ፣ ያንቺ ነገር ይበላሻል" ነው የምትለው። እሱን የወለደችው በ38 ዓመቷ ነው። እስከ ዛሬ "አርግዤው ለቅሶ ቤት ሄጄ ስለደነገጥኩ ነው" ትላለች። እንጦጦ ጠበል ስትወስደው ኖራለች።

እጮኛዬ ወንድሜን ያውቀዋል። ኳስ አብረው ያያሉ። ግን እሱም "ለኔ ችግር የለውም፣ ለቤተሰቤ ግን ከሰርጉ በኋላ ቀስ ብለን እንነግራቸዋለን" አለኝ። ወንድሜም ነገሩ ሳይገባው አልቀረም። ሰሞኑን ዝም ማለት አብዝቷል፣ ቴሌቪዥን ፊት ቁጭ ብሎ ይውላል።

እማዬን ማስቀየም አልፈልግም። ትዳሬም እንዲበላሽ አልፈልግም። ግን ወንድሜን ከቤት አስወጥቼ ሽማግሌ መቀበል አንጀቴ አልቻለም። በዘር ይተላለፋል የሚባለውስ እውነት ነው? ለራሴም እፈራለሁ፣ ማንንም ግን አልጠየቅኩም። ምን ላድርግ?

ታላቅ እህት

መልስ

ውድ እህቴ፣

መጀመሪያ እንኳን ደስ አለሽ። ዙሪያ ጥምጥም ሳልሄድ ልንገርሽ፦ ወንድምሽ ደብረ ብርሃን አይሂድ። ሽማግሌዎቹ ሲመጡ ቤቱ ይሁን።

ስለ እናትሽ ከማንሳቴ በፊት ስለ እጮኛሽ ላውራ። ደብዳቤሽን ሳነብ እናትሽ ካሉት ይልቅ ያሳሰበኝ እሱ ያለው ነው። ክፉ ሰው አይመስለኝም። ከወንድምሽ ጋር ቁጭ ብሎ ኳስ የሚያይ ሰው ነው። ግን "ከሰርጉ በኋላ" ማለት ምን ማለት እንደሆነ እስቲ አስቢው። ወይ ወንድምሽ ሰርግሽ ላይ አይኖርም፣ ወይ ይኖርና "ይሄ ልጅ የማን ነው?" ሲባል አንድ ሰው ይዋሻል። መልሱም ቅልቅሉም እንደዚያው ይሆናል። የቤተሰብ ፎቶ ስትነሱ እሱ ጓዳ ነው። ከዚያ አንድ ቀን አማትሽ ከሰው አፍ ይሰማሉ። ያን ጊዜ ቅር የሚላቸው ወንድምሽ እንደዚህ ሆኖ በመወለዱ አይደለም። "ደበቁን" ብለው ነው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል፣ እናንተ ደግሞ ገና ትዳሩን ስትጀምሩ ነው።

ስለዚህ ሽማግሌዎቹ ከመምጣታቸው በፊት ለቤተሰቡ መንገር አለበት። የሚነግራቸውም እሱ ራሱ ነው፣ አንቺ አይደለሽም። ረጅም ወሬ አያስፈልገውም። "ታናሽ ወንድሟ ዳውን ሲንድረም አለበት። አብሮት የተወለደ ነው። በጣም እንግባባለን። ስትሄዱ እጃችሁን የሚያስታጥባችሁ እሱ ነው" ቢላቸው ይበቃል። አንገቱን ደፍቶ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ግን አይንገራቸው። ሰው ነገሩን የሚመዝነው ከተናጋሪው ፊት ነው። እንደ መርዶ ከነገራቸው እንደ መርዶ ይቀበሉታል።

ማንንም አልጠየቅኩም ወዳልሽው ልምጣ። የሰውነታችን ሕዋስ በተለምዶ 46 ክሮሞዞም፣ ማለትም ከወላጅ የሚወረሰውን መረጃ የያዙ ጥቃቅን ክሮች አሉት፣ 23ቱ ከእናት፣ 23ቱ ከአባት። ዳውን ሲንድረም ያለበት ሰው 21ኛው ክሮሞዞም በሁለት ፈንታ ሦስት ሆኖ ይወለዳል። ከ100 ሰዎች በ95ቱ ይህ የሚሆነው የእናት እንቁላል ወይም የአባት ዘር ሲሠራ ክሮሞዞሞቹ በትክክል ሳይለያዩ ሲቀሩ ነው። ድንገት ይሆናል። ከአያት ከቅድመ አያት የሚወርድ ነገር አይደለም። የወንድምሽ ይህ ዓይነት ከሆነ፣ አንቺም በእሱ ምክንያት ከሌላ የዕድሜ እኩያሽ የተለየ ስጋት የለብሽም።

ከ100 ሦስት ወይም አራት የሚሆኑት ላይ ግን ትርፉ 21ኛ ክሮሞዞም ከሌላ ክሮሞዞም ጋር ተጣብቆ ይገኛል። ትራንስሎኬሽን ይሉታል። ከእነዚህ ውስጥ ሲሶ ያህሉ ራሱ ምንም ከሌለበት ወላጅ የመጣ ነው። በአጠቃላይ በውርስ የሚመጣው ከ100 አንድ ገደማ መሆኑ ነው። የወንድምሽ የትኛው እንደሆነ መልኩን በማየት አይታወቅም። የሚለየው በደም በሚደረግ የክሮሞዞም ምርመራ ነው። ሕፃን ሳለ ተሠርቶለት ከሆነ ወረቀቱን ፈልጊ። ካልተሠራለት ሐኪም አማክሪ። ትራንስሎኬሽን ሆኖ ቢገኝ እንኳ አንቺ ተሸካሚ መሆን አለመሆንሽን፣ ማለትም ራስሽ ምንም ሳይኖርብሽ ለልጅ ልታስተላልፊው መቻል አለመቻልሽን፣ በደምሽ ማወቅ ይቻላል። ይህን የምልሽ ለአማቾችሽ ማስረጃ እንድታቀርቢ አይደለም፣ ማንም ያንን ሊጠይቅሽ አይገባም። የምልሽ አንቺ በሰላም እንድትተኚ ነው።

ይህንኑ እናትሽም ቢሰሙት ደስ ይለኛል። 17 ዓመት ሙሉ "ደንግጬ ነው" እያሉ ራሳቸውን ሲወቅሱ ኖረዋል። ለቅሶ ቤት መደንገጥ ክሮሞዞም አይጨምርም። ነገሩ ያለቀው እርጉዝ መሆናቸውን እንኳ ከማወቃቸው በፊት ነው። እርግማንም፣ ቡዳም፣ መውደቅም አይደለም። በእርግጥ የእናት ዕድሜ ሲገፋ ዕድሉ ከፍ ይላል፣ በ40 ዓመት ከ100 እርግዝና ወደ አንዱ ይጠጋል። ግን ወጣት እናቶችም ይወልዳሉ፣ ዕድሜ ደግሞ ጥፋት አይደለም። የዓለም ሐኪሞች እንኳ ምክንያቱን ያወቁት በ1959 እ.ኤ.አ. ነው። ፓሪስ ውስጥ ጄሮም ሌጀን፣ ማርት ጎቲዬ እና ሬሞን ቱርፓን ያንን ትርፍ ክሮሞዞም እስኪያገኙ ድረስ በየአገሩ እናት ስትወቀስ ኖራለች። እናትሽ ብቻቸውን አይደሉም።

ደግሞ እባክሽ እናትሽን እንደ ጨካኝ አትያቸው። ያንን ልጅ አዝለው እንጦጦ የወጡት፣ ታክሲ ውስጥ ሰው ዞር ብሎ ሲያይባቸው ነጠላቸውን የሸፈኑበት እሳቸው ናቸው። የሚፈሩት ላንቺ ነው። አንዱን ልጃቸውን ለመዳር ሌላውን መሸሸግ ያለባቸው መስሏቸዋል። ስለዚህ "በሱ ታፍሪያለሽ ወይ?" ብለሽ አትጀምሪ። ያ ቃል አጥንት ይሰብራል። ሰው በሌለበት፣ ቡናው ፈልቶ ሁለታችሁ ስትቀሩ "እማዬ፣ እሱ በሌለበት ሽማግሌ ብቀበል ደስታዬ ሙሉ አይሆንም" በያቸው። ከዚያ ዝም ብለሽ ስሚያቸው። ምናልባት የንስሐ አባታችሁ ወይም የሚያምኗት የእድር ጓደኛቸው አብራችሁ ብትቀመጥ ይቀላቸዋል። እጮኛሽ ለቤተሰቡ መናገሩን ሲሰሙ ደግሞ ግማሹ ፍርሃታቸው ይወርዳል። ስለዚህ እሱ ይቅደም።

አሁን በጣም ወደቆረቆረኝ ነገር። ደብዳቤሽ ውስጥ እናትሽ የሚሉት አለ። እጮኛሽ የሚለው አለ። ሽማግሌዎቹ ሊሉ የሚችሉት ሳይቀር አለ። ወንድምሽ ያለው ግን የለም። ስለ እሱ ሁሉም ሰው ተማክሯል፣ እሱን የጠየቀ የለም።

ጠይቂው። ቴሌቪዥኑን አጥፍተሽ ፊት ለፊቱ ተቀመጪ። ባጭር ባጭሩ ንገሪው። "ሽማግሌዎች ይመጣሉ። እኔን ሊጠይቁ ነው። ላገባ ነው።" ከዚያ አንድ ጥያቄ ብቻ፦ "አንተ ምን ማድረግ ትፈልጋለህ?" መልሱን ጠብቂ። ዳውን ሲንድረም ያለባቸው ብዙ ሰዎች ከሚናገሩት በላይ ይገባቸዋል። ቃሉን ለማውጣት ግን ጊዜ ይወስድባቸዋል። እኛ ቸኩለን ሁለተኛ ጥያቄ ስንጨምር የመጀመሪያው መልስ መንገድ ላይ ይቀራል። አንድ ነገር ደግሞ ልብ በዪ። አንቺ ዝምታው ደብረ ብርሃን በመባሉ መስሎሻል። እኔ ደግሞ እህቱ ጥላው ልትሄድ እንደሆነ የገባው ይመስለኛል። አባቱን አጥቷል። አሁን አንቺ ልትወጪ ነው። የት እንደምትኖሪ፣ በየስንት ቀኑ እንደምትመጪ ንገሪው። ቤቱን ካገኛችሁ ወስደሽ አሳዪው።

ወደ ዕለቱ እንምጣ። እጅ ማስታጠብ ይችላል ካልሽ፣ ያን ቀን የሚያስታጥበው እሱ ነው፣ ፈቃዱ ከሆነ። በኛ አገር ቤት ትንሹ ልጅ እንግዳ ያስታጥባል። ወንድምሽ የቤቱ ትንሽ ልጅ ነው። ሥራው የእሱ ነው። ሽማግሌዎቹም ይህን ያውቁታል። ጓዳ ተቀምጦ በመጋረጃ ቀዳዳ ሲያይ ካዩት ያዝናሉ። ማስታጠቢያ ይዞ ጎንበስ ሲልላቸው ግን "ተባረክ" ይሉታል። ሰው ሰውን የሚለምደው አብሮ ሲሠራ፣ ሲያስተናግድና ሲስተናገድ ነው። ስብከት አያስፈልግም።

ከቀናት በፊት ተለማመዱ፣ በእውነተኛው ማስታጠቢያ። ውሃው ከግማሽ አይለፍ። ዳውን ሲንድረም ባለባቸው ሰዎች ጡንቻ ላላ ስለሚል፣ ጣትም አጠር ስለሚል፣ የሞላ ማስታጠቢያ በአንድ እጅ፣ ሳፋውን በሌላ እጅ መያዝ ያደክማል። ሳፋውን የአጎታችሁ ልጅ ይያዝለት፣ እሱ ያፍስስ። ሁለቱ አብረው ቢሠሩ ያምራል። ውሃ ቢፈስ ማንም ዘሎ ከእጁ አይንጠቅ። ማንም ሲያስታጥብ ውሃ ይፈሳል።

ሽማግሌዎቹን የሚቀበለው አጎታችሁ ይሁን ጎረቤት፣ ወንድምሽን እንደሌሎቹ ልጆች በስሙ ያስተዋውቀው። "ይሄ ታናሻችን ነው።" በቃ። በሽታ፣ ሕመም፣ ምናምን የሚል ማብራሪያ አይከተለው። አንዱ ሽማግሌ ወደ እናትሽ ዞር ብለው "ይሰማል?" ካሉ፣ "እሱን ይጠይቁት አባባ፣ ይመልስልዎታል" በሏቸው። ሌላው ደግሞ "እግዜር ይማረው" ይሉ ይሆናል። ክፋት አይደለም፣ የሚያውቁት ምርቃት ያ ስለሆነ ነው። "አሜን፣ ደህና ነው" በሏቸውና እለፉ። ሰውን ማስተማሪያው ሰዓት ያ አይደለም። ወንድምሽ ሲደክመው ደግሞ ይነሳ። መኝታ ቤቱ በሩ ክፍት ይሁን፣ ሲፈልግ ይግባ፣ ሲፈልግ ይውጣ። ራሱ ገባ ማለት ደበቅነው ማለት አይደለም።

ለሰርጉ ብዙ አልልም። ሚዜ መሆን ይፈልግ እንደሆነ ጠይቁት። ከፈለገ እንደሌሎቹ ሱፍ ይሰፋለት። የድምፅ ማጉያው አጠገብ አታስቀምጡት። አብሮት የሚሆን አንድ የሚወደው ሰው ይመደብለት። ያ ሰው ግን አንቺ እንዳትሆኚ፣ ሙሽራ ነሽ።

ሰፈሩን በተመለከተ አንድ ሐሳብ አለኝ። የሚያውቁት ይወዱታል፣ የማያውቁት ያፈጡበታል ብለሻል። ያላወቁት ስላላገኙት ነው። ለቅሶ ሲኖር ድንኳን የሚተክሉት፣ አግዳሚና ወንበር የሚያመላልሱት የሰፈሩ ወጣቶች ናቸው። ወንድምሽ 17 ዓመቱ ነው። የእድሩን ዳኛ አነጋግሪና ከልጆቹ ጋር ይሰለፍ። ከባዱን ሳይሆን የሚችለውን ይያዝ። ያን ቀን ለሀዘንተኛ ወንበር ያቀረበ ልጅ፣ በማግስቱ መንገድ ላይ ሲታይ ሰው ቆሞ ሰላም ይለዋል። መጋቢት 12 በየዓመቱ የዓለም ዳውን ሲንድረም ቀን ነው፣ የተባበሩት መንግሥታት ከ2012 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያከብረዋል። በፈረንጆቹ ሦስተኛው ወር 21ኛ ቀን ላይ የሆነውም ሦስት 21ኛ ክሮሞዞም ለማለት ነው። ቀኑን እወደዋለሁ። ግን የሽሮ ሜዳን ሰው የሚለውጠው የእድሩ ወንበር ይመስለኛል።

ዝምታው ላይ ልመለስና፣ ሁሉንም በሰርጉ እንዳታላክኪ። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ዳውን ሲንድረም ያለባቸው ሰዎች የመስማት ችግር ያጋጥማቸዋል። አንገት ላይ ያለው የታይሮይድ ዕጢ ሥራ መቀነስም በብዛት ይታያል። እሱ ሲመጣ ሰውየው ይፈዛል፣ ይደክመዋል፣ ይወፍራል፣ ቤተሰቡም "እንዲህ ነው እሱ" ብሎ ይተወዋል። በደም ምርመራ ይታወቃል፣ በየቀኑ በሚዋጥ ክኒንም ይስተካከላል። ስለዚህ በዓመት አንዴ ታይሮይዱ ይታይ፣ ጆሮውና ዓይኑም ይታይ። ግማሽ ያህሉ ከልብ ችግር ጋር ስለሚወለዱ፣ ልቡ ታይቶ የማያውቅ ከሆነ እሱም ይታይ። ጠበሉ አይከለከልም። እናትሽ እንጦጦ ይውሰዱት፣ ሐኪም ቤትም ይሂድ።

ሌላው መሰልቸት ነው። በኮሮና ጊዜ ከትምህርት ቤት ወጥቶ እስከ 17 ቤት የዋለ ማንኛውም ልጅ ቴሌቪዥን ላይ ያፈጣል። ልዩ ፍላጎት ክፍል ያላቸው ትምህርት ቤቶች አዲስ አበባ ውስጥ አሉ፣ የክፍለ ከተማችሁን ትምህርት ጽሕፈት ቤት ጠይቂ። "ዕድሜው አልፏል" ቢሉሽ የሙያ ሥልጠና ጠይቂ። ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት የመማር መብቱን ያስከብርለታል። ፍቅር የሚባለው የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸው ሰዎችና ወላጆቻቸው ብሔራዊ ማኅበር አለ። አቶ አባዱላ ገመዳ ያቋቋሙት ዲቦራ ፋውንዴሽንም በተለይ በዳውን ሲንድረም ላይ ይሠራል፣ ስሙን ያገኘው ከልጃቸው ነው። እናትሽን ይዘሻቸው ሂጂ። ወንድምሽ ከሚያገኘው ባልተናነሰ፣ እሳቸው እንደሳቸው ያሉ እናቶች ማግኘታቸው ይጠቅማቸዋል።

የመጨረሻው ለአንቺና ለእጮኛሽ ነው። በአሜሪካ በ1983 እ.ኤ.አ. ዳውን ሲንድረም ያለበት ሰው አማካይ ዕድሜ 25 ዓመት ገደማ ነበር። ዛሬ ወደ 60 ደርሷል። ሕክምና ካገኘ ወንድምሽ ረጅም ዕድሜ ይኖራል፣ እግዚአብሔር ያኑረው። እናትሽ ደግሞ 55 ዓመታቸው ነው። አንድ ቀን "ወንድምሽ ማን ጋ ይኑር?" የሚለው ጥያቄ ቤታችሁ በር ላይ ይመጣል። እጮኛሽ "ለኔ ችግር የለውም" ሲል ይህንንም ጨምሮ ነው ወይ? ጠይቂው። ምናልባት አላሰበበት ይሆናል፣ ያስብበት። "ከኛ ጋር ይኖራል" ይል ይሆናል፣ "በየሳምንቱ እናየዋለን" ይል ይሆናል። ልትስማሙበት የምትችሉት መልስ ብዙ ነው። ቤተሰቡ ሰምተው "አይሆንም" ቢሉና እሱም አብሯቸው ዝም ቢል ግን፣ ያን ከሰርጉ በኋላ ከማወቅ አሁን ማወቅ ይሻልሻል። ያማል። ቢሆንም ይሻልሻል።

ዛሬ ማታ ደውይለት። ሦስት ሳምንት አላችሁ፣ ይበቃል።